ጋቢውን የሚገልጥ

በርበሬ የሚሰጣበት ወር ሲመጣ ከሽታው ማምለጫ የለም። በየግቢው ሸራ ይነጠፋል፣ በየቆርቆሮው ላይ ቀይ ይዘረጋል፣ ከገጠር የሚገባው ጆንያ ሁሉ መንገደኛውን ያስነጥሳል። ሌላው ሰው ይህን ሽታ የጥጋብ ሽታ ይለዋል። እውነቱን ነው፤ በእኛ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም፣ በማንኩሳም ቤት የሠራው፣ ልጅ የዳረው፣ በሬ የገዛው በርበሬ ነው። እኔ ግን በረንዳዬ ላይ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጬ ሽታው ሲደርስብኝ እግሬ ፔዳሉ ላይ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም ለብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ዘንድሮ ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የመጣች አንዲት ልጅ ቅጽ ይዛ ጠየቀችኝ።

የመጣችበት ጉዳይ ትርንጎ ናት። ትርንጎ ስድስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። መንገዱ ይዘጋ ይከፈት በነበረበት ጊዜ አክስቷ ከገጠር ይዛት መጥታ ከጎናችን ካለው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። እናትና አባቷ በሕይወት የሉም፤ እንዴት እንደሞቱ የሚያውቅ አለ፣ የሚናገር የለም። አክስትየዋ ሥራ ፍለጋ ሄዳ በዚያው ቀረች። ልጅቷ ከአከራይዋ ዘንድ እያደረች ቀን ቀን እኔ መኪና ሥር መዋል ጀመረች። ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች፣ በየቀለሙ ትለያለች፣ የተበላሸ ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አከራይዋ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። ጽሕፈት ቤቱም የአደራ ቤተሰብ፣ ማለትም በመንግሥት ቁጥጥር በቤቱ ወስዶ የሚያሳድጋት ሰው ካልተገኘ፣ ሩቅ ወዳለ ማሳደጊያ ትላካለች አለ። ባለቤቴ ብርነሽ ይህን በሰማች ቀን ምሳ አልበላችም። እኔ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። ጽሕፈት የተማርኩት ጨርቅ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ማንም ፊደል አስቆጥሮኝ አያውቅም። ስለዚህ በጽሑፌ እኮራለሁ፤ ኩራት ኃጢአት መሆኑን ባውቅም።

ቅጽ ይዛ የመጣችው ልጅ ሰብለ ትባላለች። ከልጄ ከአበባ ታንሳለች፤ ጂንስ ሱሪ ላይ ነጠላ ደርባለች። ቅጹ ስምንት ገጽ ነው። በርጩማ ሰጠኋትና፣ ጥያቄዎቹን ማን እንዳወጣቸው ጠየቅኋት።

«ይህን ነገር የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው፣ አባቴ። በሰው ቤት ያደጉ ልጆችን ጠይቀው ነው ያወጡት።»

«ልጅ ምን ያውቃል?»

«እሱን ነው የጠየቋቸው» አለችና ክዳኑን በጥርሷ ከፈተች። የእስክሪብቶውን ማለቴ ነው። «ያልወለዱትን ልጅ አሳድገው ያውቃሉ?»

«አሳድጌያለሁ። ይታይሽ ትባላለች። ዛሬ ቡሬ የራሷ ስፌት ቤት አላት።»

«ከወለዷቸው ልጆች በተለየ ትታይ ነበር?»

«አልነበረም። በደማቁ ጻፊው።»

«እስክሪብቶው የሚጽፈው አንድ ዓይነት ነው» አለች፤ ጻፈችው።

ይታይሽ ወደ ቤቴ ስትገባ ፍኖተ ሰላም አንድ መንገድ ነበረች ብል አላጋነንኩም። እኛ አምስት ልብስ ሰፊዎች ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው ማዕዘን ላይ መኪናዎቻችንን ደርድረን እንቀመጥ ነበር። ከፊታችን ሻይ ቤት ነበር፤ ሻይ በስሙኒ፣ ዳቦ በዐሥር ሳንቲም። ባለ ሻይ ቤቱ አንድ ቴፕና ሦስት ካሴት ነበሩት። የሚወደው ዘፈን ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ የአምስታችንም እግር ሳናስበው በዘፈኑ ምት ይረግጣል። ዘፈኑ ቀስ ያለ ከሆነ የዚያን ቀን ሥራ ይዘገያል። ወጣቱ ከወገቡ የተሸበሸበ፣ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሰፊ ሱሪ ይወድ ነበር። እኔ እየሰፋሁላቸው «ይህን ለብሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ትገባላችሁ?» እያልኩ እገሥጻቸው ነበር፤ ገንዘባቸውን ግን አልመለስኩም። ዛሬ ወጣቱ እግሩ ላይ የተጣበቀ ሱሪ ይዞ መጥቶ «አጥብብልኝ» ሲለኝ ያንን ሰፊ ሱሪ እናፍቃለሁ። ቢያንስ ጨርቅ ነበረው።

የይታይሽ አባት የማንኩሳ ገበሬ ነበር፤ ደንበኛዬ፣ በኋላም ወዳጄ። ሚስቱ ሞተችበት፤ እሱም ሳንባውን ታመመ። አንድ ቀን መኪናዬ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «ልጄን ውሰድልኝ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በቃል ብቻ አይደረግም። ማንኩሳ ሄድኩ። በግቢው የንስሐ አባቱና ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አውራ ጣቴን ማር ውስጥ ነከርኩ፤ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ጣቴን ጠባች። ይህ ጡት ማጥባት ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷ የጡት ልጅ ናት፣ ከተወለዱት ጋር በምንም አታንስም። «ከአብራኬ ከወጡት ጋር አንድ ናት፤ ብለያት ይፍረድብኝ» ብዬ ማልኩ። ማሩ ሲያልቅ ጣቴን ነከሰችኝ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባትየው አልሳቀም። በሁለተኛው ክረምት ሞተ።

መሐላዬን ጠበቅሁ። ያኔ በከተማችን ከገጠር ልጅ «ላስተምርሽ» ብሎ አምጥቶ ውሃ የሚያስቀዳ፣ ሌሊት የሚያስፈጭ፣ የራሱን ልጆች ብቻ ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው ብዙ ነበር። ዛሬም አለ። እነሱን ስለምንቅ ፊት ለፊት እናገራቸው ነበር፤ በዚህም ሁለት ደንበኛ አጥቻለሁ። በእኔ ቤት ግን የልጄ የሞላ፣ የአበባና የይታይሽ ዩኒፎርም ከአንድ ጣቃ ይቆረጣል። ቁልፉ እኩል፣ ጫማው አንድ ዓይነት ኮንጎ፣ ደብተሩ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት። ዳቦ እንኳ አንዳንዴ በሜትር ለክቼ እቆርጥ ነበር፤ ብርነሽ ትስቅብኛለች። የምሰጠውን ሁሉ በተራ እሰጣለሁ፤ ሞላ፣ አበባ፣ ይታይሽ፤ በሚቀጥለው ቀን ተራው ይገለበጣል። ሲያጠፉም እንደዚያው። ሦስት አለንጋ ከሆነ ሦስት ለእያንዳንዱ። ይታይሽን ብምራት ባዕድ ማድረግ ይመስለኝ ነበር። ሰው የሚምረው የሰው ልጅ ነው፣ የራሱን ይቀጣል ብዬ አምን ነበር።

ሰብለ ወደ አምስተኛው ገጽ ደረሰች። «ልጅ የቀጡበትን መንገድ አነባለሁ፤ አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ» አለች። «በአለንጋ መምታት?»

«አዎ።»

«ማንበርከክ?»

«አዎ።»

«ምግብ መከልከል?»

«በጭራሽ።»

«በበርበሬ ማጠን?»

ከጎረቤት ግቢ የተሰጣው በርበሬ ይሸተኝ ነበር። ትርንጎ ከእግሬ ሥር ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«አንድ ጊዜ» አልኩ።

«ማንን?»

«ሦስቱንም። በአንድ ጋቢ ሥር። እኩል ነው።»

ቀና ሳትል ጻፈች። ከዚያ ቅጹን አጠፈችና «ያሳደጓትን ልጅ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ቡሬ እሄዳለሁ። የመጨረሻውን ገጽ እርስዎ ጋ እተዋለሁ፤ አንብበው ይሙሉት» አለች። ስትሄድ አነበብኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረበት፤ ከቤተሰቡ ውጭ ሆኖ፣ ሳያስታውቅ እየመጣ ልጅቷን የሚያይ፣ ልጅቷም ስትፈልግ የምትጠራው ሰው ማን ነው ይላል። ስድብ መሰለኝ። ባዶውን መለስኩላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ቡሬ ሄድኩ። እውነቱን እዚሁ ላይ ልናገር፤ የሄድኩት ከሰብለ ቀድሜ ለመድረስ ነው። ይታይሽ ክፉ ትናገራለች ብዬ አልፈራሁም። በየፋሲካው ዶሮ ይዛ ትመጣለች፣ ልጆቿን ጉልበቴን ታስማለች። ግን ሰው በሰው አፍ ላይ ሲንጠለጠል ያንን አፍ ማየት ይፈልጋል። ድሮ ቡሬ የሚኬደው በጭነት መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ነበር፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ግን እየተሳሰበ ይቀመጣል። ዛሬ በሚኒባስ ነው፤ አቧራ የለም፣ ሁሉም ስልኩን ያያል። ከመናኸሪያው በባጃጅ ወጥቼ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው ሱቋ ደረስኩ። በሩ ላይ አረንጓዴ ዩኒፎርሞች ተሰቅለዋል። አቆራረጣቸው የእኔ ነው፤ ከእኔ አይታ የተማረችው።

«አያ፣ በደኅና ነው? ሳይደውሉ?» አለች ተነሥታ።

«በደኅና ነው።»

ሱሪዬን አየች። «ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኛ።»

«የሚጠላዎት ሰው መስሎኝ። ግራ እግሩ እኮ አጥሯል።»

«መሬቱ ነው ዘንበል ያለው።»

«እርስዎ ሲመጡ ቡሬ ሁልጊዜ ዘንበል ይላል» ብላ ወንበር ጎተተችልኝ።

ጉዳዩን ነገርኳት፤ ስለ ትርንጎ፣ ስለ ማሳደጊያው፣ ስለ ቅጹ፣ ሰብለም ልትጠይቃት እንደምትመጣ። እየሰፋች ሰማችኝ። ስጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ታዲያ ምን እንድል ነው?»

«እውነቱን።»

«ለእውነቱማ እሷ ትመጣ የለም? እርስዎ ለምን ደከሙ?»

ከተሰቀሉት ዩኒፎርሞች የአንዱን ስፌት ገልብጬ አየሁ። ከዚያ «ለይቼ አላሳደግሁሽም፤ ያንን በያት» አልኳት።

«እላለሁ። ጨርቁ እኩል ነበር። ዳቦው እኩል ነበር። አለንጋውም እኩል ነበር፤ እንዲያውም ለሞላ አንድ ሲጨምሩለት አይቻለሁ።»

«ይገባው ነበር።»

«ይገባው ነበር፣ ማን ካደ?» ፈገግ አለች። ፈገግታው ቶሎ ጠፋ። «የጋቢውን ቀን ከጠየቀችኝ ግን እናገራለሁ።»

«እሱም እኩል ነበር።»

መኪናዋን አቆመች። «መግባቱ እኩል ነበር፣ አያ። መውጣቱ አይደለም።»

ያን ቀን እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው። አንድ መምህር ለሠርጉ ኮት የሚሆን የሱፍ ጨርቅ አምጥቶልኝ ነበር፤ በከተማው እንደሱ ያለ አልነበረም። ከሰዓት ሳነሣው መሐሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ተቆርጧል። ሦስቱን ጠየቅሁ፤ ሦስቱም «እኔ አይደለሁም» አሉ። ሦስቱንም አስቀምጬ ጋቢ አለበስኩ፣ ፍም ላይ በርበሬ ጨመርኩ። በየቤቱ የሚደረግ ቅጣት ነበር፤ በእኔም ተደርጎብኛል። ብርነሽ መጥታ አስጣለቻቸው፤ አለቀ። ሳስታውሰው የኖርኩት እስከዚህ ድረስ ነው።

ይታይሽ ግን ዘጠኝ ዓመቷ ነበርና ከጋቢው ውስጥ ሆና ያየችውን ነገረችኝ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሌላ ሰው ነገር እንደምትናገር ነው የተናገረችው።

«እማማ ብርነሽ ከገበያ ገባች። ጋቢው ሲገለጥ ብርሃን አየሁ፤ እጇ ገባ፣ ሞላን ይዞ ወጣ። ጋቢው ወደቀ። እንደገና ተገለጠ፤ አበባን ይዞ ወጣ። ጋቢው ወደቀ። ከዚያ ጠበቅሁ። እርስዎ ሁሉን በተራ ነበር የሚሰጡን፤ ሦስተኛው ተራ የኔ ነው ብዬ ነው የጠበቅሁት። ተራው ሲቀር ራሴ ገልጬ ወጣሁ።»

«የከለከለሽ አልነበረም።»

«የከለከለኝም የጠራኝም አልነበረም። ውጭ ስወጣ እማማ የአበባን ዓይን ታጥባለች። ስትጨርስ ጣሳውን አንሥቼ ታጠብኩ።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«እርስዎማ ጨርቁን እየለኩ ነበር። የተረፈው ኮት ያወጣ እንደሆነ።»

አወጣ። ኮቱን አስታውሳለሁ፤ ቁራጩን በደረት ኪስ ሸፈንኩት፤ ሙሽራው አመስግኖኝ ሄደ። ይህን ሁሉ አስታውሼ ሦስተኛዋ ልጅ እንዴት እንደወጣች አንድም ቀን አለመጠየቄን ያወቅሁት በዚያ ወንበር ላይ ነው።

«ጨርቁን የቆረጠው ሞላ ነው፤ ለጨርቅ ኳስ» አለች። «እርስዎ ግን እኔ መስዬዎት ነበር።»

አልካድኩም። ሦስቱን እኩል ቀጣሁ፤ የጠረጠርኩት ግን አንዷን ነበር። ከዚያ በኋላ ውድ ጨርቅ ሲመጣ ከፍ አድርጌ የምሰቅለው ከማን እጅ ለማራቅ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

«አኩርፈሽኛል?» አልኳት።

«ባኮርፍ ዶሮ አመጣ ነበር?» ብላ ሱሪዬን ጠቆመች። «ያውልቁትና ላስተካክለው፤ ሽርጥ ልስጥዎት።»

ቤት ስደርስ ብርነሽ ምስር ትለቅም ነበር። ይታይሽ የነገረችኝን ነገርኳትና «ያን ቀን ሳታወጫት ለምን ቀረሽ?» አልኳት። ድምፄ የከሳሽ ድምፅ ነበር፤ ልማዴ ነው።

ከምስሩ አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለች። «ሁለት እጅ ነው ያለኝ» አለች። ጥቂት ምስር ለቀመች። «የአንተ ሁለት እጅ የት ነበር?»

«ጨርቅ ላይ።»

«እንግዲህ።» ከዚያም ሳላስበው «ጣሳውን አንሥታ ስትታጠብ አይቻታለሁ። ዛሬም አያታለሁ» አለች።

ለልጆቼ ብዙ ምክር ሰጥቻለሁ፤ ከዚህ ነገር የማወጣው ምክር ግን አጭር ነው። ለክቶ መስጠትን ፍትሕ አድርጌው ኖርኩ። ልብስ በልኬት ይሰፋል። ልጅ ግን የሚያድገው ጢስ ሲያፍነው የሚያወጣው ሰው ስላለ ነው፤ ለወለዱት ልጅ ያ ሰው ሳይለመን ይመጣለታል፤ ለሌላው ልጅ ሆን ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። እኔ ማር አስጠባሁ፣ ማልኩ፣ ግን አልተነሣሁም። ያንን ጋቢ መጀመሪያ ያለበስኩት እኔ መሆኔን ደግሞ ምንም ምክር አይሸፍነውም።

ሰብለ ከቡሬ ተመልሳ በመጣች ቀን፣ ገና ሳትቀመጥ «ሁለተኛውን መልስ ቀይሪልኝ» አልኳት።

«የትኛውን?»

«በተለየ ትታይ ነበር ወይ ያልሽውን። ትታይ ነበር።»

«በእስክሪብቶ የተሞላ ነው፣ አባቴ።»

«ሰርዢው፤ አጠገቡ ልፈርም። ሳያውቅ ነው ብለሽ ደግሞ አትጻፊ፤ ላውቅ እችል ነበር።»

ወደ ትርንጎ አየች። ልጅቷ ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ቀዩን ከቀይ ታደርጋለች። «ይህ ሊያስከለክልዎት ይችላል። ማሳደጊያው መኪና የሚልከው በመጪው ሳምንት ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሰረዘች፤ ፈረምኩ። ጽሑፌ ያን ቀን አላማረም። ብርነሽ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

ሰብለ ከቦርሳዋ የመጨረሻውን ገጽ አወጣች። «ባዶውን መልሰውልን ነበር። ቡሬ ስሄድ ይታይሽ ቅጹን ሁሉ አንብባ ‹ይህ ባዶ ቦታ ለምንድን ነው?› አለችኝ። ነገርኳት። እስክሪብቶዬን ወሰደች።» ወረቀቱን አዞረችልኝ። ስሟ፣ ከሥሩ ስልኳ። ፊደሏን ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ የ«ሽ»ዋን እግር አሁንም ታስረዝመዋለች።

ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ። ለስድስት ወር በሙከራ፣ እጅ ላለማንሣት ተፈርሞ፣ ጉብኝቱ ሳይቋረጥ ትሰጣቸው ተባለ። የወሰኑት እኔን አምነው ሳይሆን በዚያ በመጨረሻው ገጽ ነው፤ ሰብለ ሳትደብቅ ነገረችኝ፣ እኔም ትክክል ናችሁ አልኳት። ትርንጎ ቁርጥራጯን በፌስታል ይዛ ገባች። አልጋዋን ከማሳየቴ በፊት የይታይሽን ስልክ በትልቁ ጽፌ በእሷ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ቁጥር ገና አታውቅም፤ በየቀኑ አንድ አንድ እናጠናለን። አራት ደርሰናል።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን፣ የአንድ ደንበኛ ጋቢ ጠርዙን ልዘመዝምለት ከመኪናው ላይ ዘርግቼ እሠራ ነበር። ጋቢው በሁለት በኩል እስከ መሬት ወርዷል። ትርንጎ ከሥሩ ገብታለች፤ ቤት ሠርቼአለሁ ትላለች። ከጎረቤት የበርበሬው ሽታ ይመጣል። እግሬ ቆመ። ቀና ስል ይታይሽ በረንዳው ላይ ቆማለች፤ አልደወለችም፣ አልላከችም። ሰላምታ አልሰጠችኝም። ቀጥ ብላ መጣችና ጎንበስ ብላ ጋቢውን በአንድ እጇ ገለጠችው።

«ማን አለ እዚህ?»

«እኔ» አለች ትርንጎ ከውስጥ። ብርሃኑ ዓይኗን አስጨፈናት። እንግዳዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ዝጊው፤ እየተጫወትኩ ነው።»

ይታይሽ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ጋቢውን ቀስ አድርጋ መለሰችው። ግን አልሄደችም። በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።